የቃሩራው ዝቃጭ፦ የጥንት ሐኪሞች ያዩትና ያላዩት



ስለ ወርቃማው ዘመን የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። «ይህን የፈለሰፉት ሙስሊሞች ናቸው፤ ያንንም የጀመሩት እነርሱ ናቸው» ይባልና ዝርዝሩ ይቀጥላል። አንብበን እንኮራለን፣ ሼር እናደርጋለን፣ በማግስቱ እንረሳዋለን። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ታሪክ ግን የሚያኮራም የሚያስቆጭም ነገር አለው። ጉዳዩ ሽንት ነው። ስሙን ለመጥራት የምናፍርበት፣ ልብሳችንን ሲነካ የምናጥበው ነጃሳ። ሐኪሞች ግን የሰውን ሆድ ሳይከፍቱ ውስጡን ለማወቅ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲመለከቱት የኖሩት ይህንኑ ነው፤ በተለይም ከሥሩ የሚቀመጠውን ዝቃጭ።

የሥልጣኔያችን ሐኪሞች ይህን ዝቃጭ በሚገባ ያውቁት ነበር። ስም አውጥተውለታል፣ በመልክና በቦታ ከፋፍለውታል፣ መጽሐፍ ጽፈውበታል። ታዲያ የናይል ዳር ሰዎችን ለሺህ ዓመታት ደም ሲያሸና የኖረው ነገር እዚያው ዝቃጭ ውስጥ እያለ እንዴት ሳይታይ ቀረ? በመጨረሻስ እዚያው ካይሮ ውስጥ ምስጢሩን የፈታው ማን ነው? (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሩራ

በመጀመሪያ ሐቁን እናስቀምጥ። ሽንትን አይቶ በሽታን መለየት ሙስሊሞች የጀመሩት ሥራ አይደለም። ግሪኮቹ ሂፖክራተስና ጋሌን ከእነርሱ ብዙ ዘመን ቀድመው ጽፈውበታል። በዐባሲያ ዘመን የግሪኮች መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ሲተረጎሙ ይህም ትምህርት አብሮ መጣ። የእኛዎቹ ድርሻ የተቀበሉትን ማስፋት፣ ሥርዓት ማስያዝና ከሕመምተኛው አልጋ ሥር መፈተን ነበር።

ሐኪሙ ሽንቱን የሚመለከትበት ከጠራ መስታወት የተሠራ ጠርሙስ ቃሩራ ይባላል። ከመለመዱ የተነሣ ቃሉ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ለሽንቱ ለራሱ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል።

በዚህ ዕውቀት ስሙ ከሚነሳው አንዱ ኢስሐቅ ኢብን ሱለይማን አል-ኢስራኢሊ ነው። ግብፅ ተወልዶ፣ ዛሬ ቱኒዚያ በምንላት አገር በቀይረዋን ከተማ በ10ኛው መቶ ዘመን ያገለገለ፣ በዐረብኛ የጻፈ አይሁዳዊ ሐኪም ነው። «ኪታብ አል-በውል» የተባለው መጽሐፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስለ ሽንት ነው። ከእርሱ የተማረው ሙስሊሙ ኢብን አል-ጀዛርም ስመ ጥር ሐኪም ሆኗል። በ11ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ከሰሜን አፍሪካ ወደ ጣሊያን የሄደው ቆስጠንጢኖስ አፍሪካዊው የሁለቱንም መጻሕፍት ወደ ላቲን መለሳቸው፤ የአውሮፓ የሕክምና ተማሪዎችም ለብዙ ዘመን ተማሩባቸው። አይሁዳዊው አስተማረ፣ ሙስሊሙ ተማረ፣ ክርስቲያኑ ተረጎመ። ታሪኩን «የእኛ ብቻ» ብሎ መጻፍ ለእነዚህ ሰዎችም ለእውነቱም ግፍ ነው።

እነዚህ ሐኪሞች በቃሩራው ውስጥ ቀለሙን፣ ውፍረቱን፣ መጥራቱንና መደፍረሱን፣ ሽታውን፣ አረፋውንና ዝቃጩን ያያሉ። በሽንቱ ውስጥ የሚታየውን ነገር በቦታው በሦስት ይከፍሉታል። ከላይ የሚንሳፈፈው «ገማም»፣ ማለትም ደመና ነው። መሐል ላይ የተንጠለጠለው «ሙተዐሊቅ» ነው። ከሥር የተቀመጠው «ረሱብ» ይባላል፤ ዝቃጭ ማለት ነው። ዝቃጩ ነጭ ነው ወይስ ቀይ? አሸዋ ይመስላል ወይስ መግል? ይበታተናል ወይስ ይያያዛል? እያንዳንዱ ጥያቄ ወደ ኩላሊት፣ ወደ ፊኛ ወይም ወደ ጉበት የሚጠቁም ነበር። አሸዋ መሳዩን ዝቃጭ ከኩላሊት ጠጠር ጋር ማያያዛቸው ዛሬም ትክክል ሆኖ እናገኘዋለን።

የኢብን ሲና ጥንቃቄ

ኢብን ሲናን (980–1037) ስንጠቅስ በፍልስፍና አቋሙ ዑለሞች፣ በተለይም ኢማም አል-ገዛሊ፣ እንደተቹት እናውቃለን። እዚህ የምናነሳው ሕክምናውን ብቻ ነው። «አል-ቃኑን» በተባለው መጽሐፉ ስለ ሽንት ሲጽፍ የጀመረው ከበሽታ ስም አይደለም። ሽንቱ በምን ሁኔታ ሲወሰድ ነው ማስረጃ የሚሆነው ከሚለው ጥያቄ ተነሣ።

የጠዋት የመጀመሪያው ይሁን፤ ሰውየው ገና ሳይበላና ሳይጠጣ። እንደ ዛፍራን ያለ ቀለም ያለው ነገር አስቀድሞ አይብላ። ቆዳውም እንደ ሂና ያለ ማቅለሚያ አይንካው፤ የሽንቱን ቀለም ሊለውጥ ይችላልና። ጾም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካምና ቁጣ ሽንትን እንደሚያጠቁሩ ሐኪሙ ይወቅ። ዕቃው የጠራ መስታወት ይሁን፣ ፀሐይና ነፋስ አያግኘው፣ ብዙም ሳይቆይ ይታይ።

የረመዳን ከሰዓት በኋላ ሽንቱ ጠቆር ብሎበት የተደናገጠ ወጣት ካለ፣ ይህ ጉዳይ ከሺህ ዓመት በፊት ተጽፎለታል። ሰውነት ውኃ ሲያጣ ሽንት ይወፍራል፤ ያ ብቻውን በሽታ አይደለም።

ዛሬ ላቦራቶሪ «የጠዋቱን ሽንት አምጣ፣ በንጹሕ ዕቃ ይሁን፣ ሳይቆይ አድርስ» የሚለን በዚሁ ምክንያት ነው። ናሙናው ከተበላሸ ምንም ዓይነት ማሽን እውነቱን አይነግረንም።

በቃሩራ የነገዱ ሰዎች

ማንኛውም ዕውቀት ሲከበር አጭበርባሪ ይከተለዋል። ሕመምተኛው ጠርሙሱን ይልካል፤ «ሐኪሙ» ምንም ሳይጠይቅ ከፍ አድርጎ ያየውና በሽታውን፣ ዕድሜውን፣ አንዳንዴም የሚሞትበትን ቀን ይናገራል። ሕዝቡ ይደነቃል፤ ገንዘቡም ይፈሳል።

ባግዳድ ውስጥ የሆስፒታል ኃላፊ የነበረው አር-ራዚ በዚህ ተቸግሮ እንደነበር ይነገራል። ሥራ ሲጀምር ሽንት ሲቀርብለት ምንም ባለመጠየቁ ተከበረ። በኋላ ሕመምተኛውን በዝርዝር መጠየቅ ሲጀምር ግን ክብሩ ቀነሰ። ሰዎች ጥያቄውን እንደ አለማወቅ ቆጠሩበት። እርሱ ግን መጠየቁን አልተወም፤ አንድ ምልክት ብቻውን ፍርድ እንደማይሆን ያውቃልና።

መንግሥትም ዝም አላለም። በ931 በባግዳድ አንድ ሰው በሐኪም ስሕተት ከሞተ በኋላ ኸሊፋው አል-ሙቅተዲር ሐኪሞች ሳይፈተኑ እንዳይሠሩ አዘዘ። ፈተናውን የመራው ሲናን ኢብን ሣቢት ሲሆን ከ800 በላይ ሰዎች ቀረቡ። በ12ኛው መቶ ዘመን የሶርያው አሽ-ሸይዘሪ ለገበያ ተቆጣጣሪዎች በጻፈው መመሪያ ደግሞ ሐኪሙ ሕመምተኛውን ጠይቆ፣ የደም ሥሩን ትርታና ቃሩራውን አይቶ፣ ያዘዘውን በጽሑፍ ለቤተሰቡ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ሕመምተኛው ከሞተ ቤተሰቡ ያንን ወረቀት ለዋናው ሐኪም ያቀርባል፤ ጥፋት ከተገኘም ሐኪሙ ይጠየቃል። ዛሬ ውጤታችን ተጽፎ የሚሰጠን፣ ፋይል የሚከፈትልን ለዚሁ ዓላማ ነው።

አውሮፓም ከዚህ በሽታ አላመለጠችም። ቃሩራው እዚያ የሐኪም አርማ ሆኖ ነበር። የሽንት ጠንቋዮቹ እጅግ ከመብዛታቸው የተነሣ በ1637 አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም በእነርሱ ላይ የሚሳለቅ መጽሐፍ አሳትሟል።

ዓይን የማይደርስበት

አሁን ወደ አስቸጋሪው ቦታ ደረስን። እነዚህ ሐኪሞች ሁሉ፣ ሐቀኛውም አጭበርባሪውም፣ አንድ ገደብ ነበረባቸው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ስፋቱ ከሚሊሜትር ሺህኛ ሰባት ያህል ብቻ ነው። ረሱቡን የፈለገውን ያህል ቢያፈጥጡበት ሕዋሱ አይታይም። ስለዚህ «ቀይ ዝቃጭ» ብለው ጻፉ፤ ከየት እንደመጣ ግን ከመገመት ውጪ ምርጫ አልነበራቸውም።

ገደቡን የሚሰብረው የብርሃን ጥናት መሠረት ካይሮ ውስጥ ተጥሎ ነበር። በስራ የተወለደው ኢብን አል-ሀይሠም በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ «ኪታብ አል-መናዚር» በተሰኘው መጽሐፉ የምናየው ብርሃን ከዕቃው ወደ ዓይናችን ስለሚመጣ እንደሆነ በሙከራ አስረዳ። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ የአውሮፓን ሊቃውንት አስተማረ። ማይክሮስኮፕ ግን እርሱ አልሠራም፤ «ሠርቷል» የሚል ካገኛችሁ አትመኑ። መሣሪያው የመጣው በ1600 አካባቢ ከአውሮፓ መነጽር ሠሪዎች ነው። በ1670ዎቹ ሆላንዳዊው ጨርቅ ነጋዴ ሌወንሁክ በገዛ እጁ በሳላቸው ጥቃቅን መስታወቶች የደም ሕዋሳትንና በውኃ ውስጥ የሚርመሰመሱ ሕያዋንን አየ።

ከዚያም በኋላ ማይክሮስኮፑ ወደ ሕመምተኛው አልጋ እስኪደርስ ከ150 ዓመት በላይ ወሰደ። በ1830ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ሐኪሙ ራየርና ተማሪው ቪግላ የሕመምተኞችን የሽንት ዝቃጭ በመደበኛነት በማይክሮስኮፕ መመርመር ጀመሩ። ያ የጥንቱ «ረሱብ» ተከፍቶ ታየ፤ ቀይ ሕዋስ፣ ነጭ ሕዋስ፣ ክሪስታል፣ የቧንቧ ግድግዳ ሕዋስ ሆኖ ተገኘ። በ1840ዎቹ ደግሞ «ካስት» የሚባሉት ጥቃቅን ቅርጾች ተለዩ። ካስት በኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ፕሮቲን ረግቶ የቱቦውን ቅርጽ ይዞ የሚወጣ ነገር ነው፤ ሰም በቧንቧ ውስጥ ረግቶ ሲወጣ እንደሚመስለው። በካስቱ ውስጥ ቀይ የደም ሕዋስ ከተገኘ ደሙ የመጣው ከፊኛ ሳይሆን ከኩላሊቱ ከራሱ መሆኑ ይታወቃል። እነዚያ ሐኪሞች ለሺህ ዓመታት የጠየቁት «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ አገኘ።

ካይሮ፣ 1851

ግብፅ ውስጥ ደም መሽናት እንግዳ ነገር አልነበረም። በ1910 ተመራማሪው ራፈር ከ3000 ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው የሙሚያ አስከሬኖች ኩላሊት ውስጥ የዚህን በሽታ እንቁላሎች አግኝቷል። በ1798 ከናፖሊዮን ጋር የመጡት ወታደሮች ደም ሲሸኑ ሐኪሞቻቸው መዝግበዋል። በሽታው በበዛባቸው የወንዝ ዳር መንደሮች ልጆች ደም ሲሸኑ እንደ ጉርምስና ምልክት የሚቆጠርበት ጊዜም ነበር። ሁሉም ያየዋል፤ ምንጩን ግን የሚያውቅ የለም።

የግብፁ ገዥ ሙሐመድ ዐሊ በ1827 ዘመናዊ የሕክምና ትምህርት ቤት አስከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በብዛት ከአል-አዝሀር የመጡ ነበሩ፤ መጻሕፍቱም ወደ ዐረብኛ ይተረጎሙላቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1837 ወደ ቀስር አል-ዐይኒ ተዛወረ። በ1851 በዚያ ሆስፒታል የሚሠራ የ26 ዓመት ጀርመናዊ ሐኪም፣ ቴዎዶር ቢልሃርዝ፣ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን ሲመረምር በደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትል አገኘ። ቀጥሎም የትሉን እንቁላሎች በፊኛ ግድግዳ ውስጥ አይቶ ከደም መሽናቱ ጋር አገናኛቸው። ዛሬ ቢልሃርዝያ የምንለው በሽታ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። ቢልሃርዝ በ1862 ከአንድ የጀርመን መስፍን ጋር እስከ ምፅዋ ድረስ ተጉዞ በታይፈስ ታመመና ካይሮ ተመልሶ በ37 ዓመቱ ሞተ።

እንቁላሉ ርዝመቱ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ጥቂት ይበልጣል፤ በአንድ ጫፉ ላይ እሾህ አለው። በባዶ ዓይን ቢታይ እንኳ ከብናኝ አይለይም። በማይክሮስኮፕ ሥር ግን ከእሾሁ የተነሣ አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይስተውም። ያ የቃሩራ ሐኪም እየደጋገመ ያየው ቀይ ዝቃጭ ውስጥ ይህ ባለ እሾህ እንቁላል ተቀምጦ ነበር።

የሚያስቆጨው እዚህ ላይ ነው። ከተማው ካይሮ ነው፤ ኢብን አል-ሀይሠም ስለ ብርሃን የጻፈበት ከተማ። ሕመምተኞቹ የእኛው ወንድሞች ናቸው፤ ሆስፒታሉንም ያስከፈተው የአገሩ ገዥ ነው። ያየው ግን ከሩቅ የመጣ ወጣት ሆነ። ምክንያቱ የዘር ብልጫ አይደለም። የኢብን ሲናን መጽሐፍ ለዘመናት ደጋግመን ስናነብ ልማዱን ዘነጋነው። እርሱ በዘመኑ ባለው መሣሪያ የተቻለውን ያህል አየ፤ ከእርሱ በኋላ የመጣን ብዙዎቻችን ግን እርሱ ያየውን በማንበብ አቆምን።

ዛሬ ጠረጴዛው ላይ

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ከ10 እስከ 12 ሚሊሊትር ሽንት በቱቦ ይቀዳና ሴንትሪፉጅ በሚባለው ማሽን ለ5 ደቂቃ ያህል ይሽከረከራል። ቃሩራው ላይ ቆመው በትዕግሥት የሚጠብቁት ዝቃጭ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሥር ይወርዳል። ከላይ ያለው ፈሳሽ ይደፋል፤ ከቀረው አንድ ጠብታ በስላይድ ላይ ይደረግና በስስ መስታወት ይሸፈናል። ባለሙያው መጀመሪያ በዝቅተኛው ማጉያ ሰፋ አድርጎ ይቃኛል፤ ቀጥሎ በከፍተኛው ሕዋሳቱን ይቆጥራል። ነጭ ሕዋስና ባክቴሪያ ከበዛ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ሽንቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ያለ ማቀዝቀዣ ከቆየ ሕዋሳቱ ይፈርሳሉ፣ ካስቱ ይሟሟል፣ ባክቴሪያው ይራባል፤ ውጤቱም ውሸት ይሆናል።

የቢልሃርዝያ እንቁላል ሲፈለግ ደግሞ የጠዋቱ ሽንት አይመረጥም። እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ናሙናውም በዚያ ሰዓት ይወሰዳል። የኢብን ሲና የጠዋት ሕግ እዚህ ላይ አይሠራም፤ እርሱ ራሱ ማስረጃውን ቢያይ ሕጉን እንደሚያስተካክል አንጠራጠርም።

ይህ የግብፅ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሽንት ቧንቧ ላይ የሚኖረው ቢልሃርዝያ በአገራችንም አለ፤ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ሸለቆ በአፋር፣ እንዲሁም በቤኒሻንጉል ኩርሙክ አካባቢ። ትሉ የሚራባው በረጋ ውኃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ አማካይነት መሆኑን በ1915 ሌይፐር የተባለ ተመራማሪ ግብፅ ውስጥ አረጋግጧል። ቀንድ አውጣውን በማጥፋት ረገድ የእኛው ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዐድዋ ላይ ትልቅ ነገር አስተውሏል፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ነበር። ስንቶቻችን ያንን ወንዝ አልፈን እንሄድ ነበር! ሰውየው ቆሞ አየ፣ ጠየቀ፣ ፈተነ።

በሽታው ፕራዚኳንቴል በሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ይታከማል። ችላ ከተባለ ግን ፊኛን ይጎዳል፤ ለፊኛ ካንሰርም ያጋልጣል። በመካከል ያለው አንድ ስላይድና እርሱን በትዕግሥት የሚያይ አንድ ባለሙያ ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ሁለት ነገር እንበል። አንደኛ፣ ሽንት ሲያቃጥላችሁ ወይም ደም ሲታያችሁ ጓደኛ የነገራችሁን አንቲባዮቲክ ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አትዋጡ። ሳይመረመር በሽታችሁን የሚነግራችሁ ሰው ከዚያ የቃሩራ ጠንቋይ አይለይም። አታፍሩ፤ ናሙናውን በንጹሕ ዕቃ፣ የመጀመሪያውን ትንሽ አፍስሳችሁ መሐሉን ውሰዱ፣ ቶሎ አድርሱ። የሐኪሙ ጥያቄ ሲበዛም አትሰልቹ፤ አር-ራዚም ይጠይቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ በላቦራቶሪ ሙያ የምትማሩ ወይም የምትሠሩ ልጆች አላችሁ። ሰው «ሽንት መርማሪ» ብሎ ሊያቃልላችሁ ይችላል። ስላይዱን ሳታዩ «ምንም የለም» ብላችሁ አትጻፉ፤ በዚያ ወረቀት ላይ የሰው ኩላሊት አማና ተቀምጧል። በኢስሐቅና በኢብን ሲና ዘመን የተከበሩ ሊቃውንት ያላፈሩበትን ሥራ ነው የያዛችሁት፤ እነርሱ ያልነበራቸው መሣሪያም በእጃችሁ ነው። በደንብ እዩበት።

ወላሁ አዕለም።